ስኳር፣ ደም ግፊትና የመርሳት በሽታ፦ የኢባዳኑ ጥናት ስለ ምግባችን ምን ይላል?

ዘመን ቆጣሪ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን በየቴሌግራም ቡድኑ ሰዎች ሲቀባበሉት ያየሁት አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ «አፍሪካውያን የተፈጥሮ ምግብ ስለሚበሉ የመርሳት በሽታ አያውቃቸውም» የሚል ሲሆን፣ ለማስረጃነት የሚጠቅሰው በናይጄሪያዋ ኢባዳንና በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ የተካሄደውን የንጽጽር ጥናት ነው። ሙያዬ የጤና መረጃ ትንተና በመሆኑ ጥናቱን ቀደም ሲል አንብቤው ነበር፤ ጽሑፉ የወሰደው ግማሹን ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ላቅርበውና የምታውቁትን ጨምሩበት።

ጥናቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በኢባዳን የሚኖሩ ዮሩባዎችና በኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ሁሉም ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ በአንድ ዓይነት መጠይቅና በአንድ ዓይነት የምርመራ ሥርዓት ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ውጤት መሠረት በየዓመቱ በመርሳት በሽታ አዲስ የሚያዙት በኢባዳን ከ100 ሰዎች 1.35፣ በኢንዲያናፖሊስ ደግሞ 3.24 ነበሩ። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና የሰውነት ክብደት በኢንዲያናፖሊሶቹ ላይ ከፍ ያለ ነበር። ለአልዛይመር ያጋልጣል የሚባለው አፖኢ4 የተሰኘው ጂን እንኳ በኢባዳን ተጽዕኖው እጅግ ደካማ ሆኖ ተገኘ። እስከዚህ ድረስ የቴሌግራሙ ጽሑፍ አልተሳሳተም።

የተዘለለው ተከታዩ ነው። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በሁለቱም ከተሞች አዲስ ቡድን መዝግበው ክትትሉን ሲደግሙት፣ በኢንዲያናፖሊስ አዲስ የሚያዙት ሰዎች ቁጥር በእጅጉ ቀንሶ አገኙት፤ በኢባዳን ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም። ልዩነቱ የጠበበው ኢባዳኖች ስለባሰባቸው ሳይሆን ኢንዲያናፖሊሶች ስለተሻላቸው ነው ማለት ነው። ያውም በአሜሪካ ውፍረትና ስኳር በሽታ እየጨመሩ በነበሩበት ዘመን! በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው በፍራሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የሚካሄደው ክትትልም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ በአምስት ዓመት ውስጥ በመርሳት በሽታ የሚያዙት ከ100 ሰዎች 3.6 የነበሩት ቀስ በቀስ ወደ 2.8፣ ወደ 2.2፣ በመጨረሻም ወደ 2.0 ወርደዋል። ይህ ቅናሽ የታየው ግን ቢያንስ ሁለተኛ ደረጃ ባጠናቀቁት ላይ ብቻ ነው።

እንግዲህ ልጠይቃችሁ። የሰውን አኗኗር፣ የስኳርና የቅባት መጠኑን፣ ደም ግፊቱንና የኋለኛ ዕድሜውን አእምሮ በአንድ ክር ለማያያዝ ስንሞክር የምናየው የምግብን ሥራ ነው፣ የትምህርትን፣ የሕክምናን፣ ወይስ የመለኪያውን? በእኛ አገር ይህ ጥናት ቢጀመርስ ከየት መጀመር አለበት ትላላችሁ?

ዳሳሹ ቶማስ

ጥሩ ርእስ ነው የከፈቱት። እኔ ግን ከምግቡም ከመድኃኒቱም አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ ሰውየው የተመዘነው በስንት ዓመቱ ነው?

የመርሳት በሽታ እንደ ወባ ዛሬ ገብቶ ነገ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም አይደለም። አእምሮ ውስጥ ያለው ለውጥ ምልክቱ ከመታየቱ 10፣ 15፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። በዚህ ድብቅ ዘመን ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ይከሳል፣ ደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ከቤት መውጣትም እየተወ ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ የ75 ዓመት አዛውንቶችን መዝናችሁ ከአምስት ዓመት በኋላ የታመመውን ብትቆጥሩ፣ ከቀጫጮቹ ብዙዎቹ ታመው፣ ወፈር ያሉት ደህና ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው «ውፍረት አእምሮን ይጠብቃል» ብሎ ዜና መሥራት ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በብሪታንያ የሁለት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የሕክምና መዝገብ ይዞ፣ በአማካይ ዘጠኝ ዓመት ተከታትሎ የወጣ ጥናት የደረሰበት መደምደሚያ ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በኋላ የ39 ጥናቶችን፣ የ1.3 ሚሊዮን ሰዎችን መረጃ ያጣመረ ሌላ ሥራ ወጣ፤ እሱም ሰዎቹን ከተመዘኑበት ቀን እስከ ሕመሙ ባለው ርቀት ለያቸው። ሕመሙ ከመታወቁ ከ20 ዓመት በላይ ቀድመው የተመዘኑት ላይ ውፍረት አጋላጭ ሆኖ ተገኘ፤ ከ10 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የተመዘኑት ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሚዛኑ ያው ሚዛን ነው፤ የተለወጠው ዓመቱ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ 10,308 የለንደን የመንግሥት ሠራተኞችን የሚከታተለው ዋይትሆል ሁለት የተባለው ጥናት ደግሞ እዚያው ሰዎች ላይ ደጋግሞ ስለሚለካ የበለጠ ግልጽ ነው። በ50 ዓመት ከመጠን በላይ መወፈር ከመርሳት በሽታ ጋር ተያይዟል፤ በ60 እና በ70 ዓመት ግን አልተያያዘም። የአካል እንቅስቃሴም ቢሆን ሕመሙ ከመታወቁ ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ መቀነስ ይጀምራል፤ ስለዚህ «የማይንቀሳቀስ ይጃጃል» ከሚለው አባባል ውስጥ የተወሰነው «ሊጃጅ የጀመረ አይንቀሳቀስም» ማለት ነው። ስኳር በሽታ ላይ ግን ውጤቱ ጸንቷል። በ70 ዓመታቸው ስኳር ከያዛቸው ከ10 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ስኳር ከሌለባቸው ሁለት እጥፍ ገደማ የመያዝ ዕድል ነበራቸው፤ በቅርብ አምስት ዓመት ውስጥ የያዛቸው ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም።

እናም ኢባዳንን ከኢንዲያናፖሊስ ያወዳደርነው ሁሉም 65 ካለፉ በኋላ መሆኑን አትርሱ። በ45 ዓመታቸው ምን ይመስሉ እንደነበር የሚናገር ሚዛን እዚያ አልነበረም።

የእማማ ልጅ (ሜሪላንድ)

እኔ ባለሙያ ባልሆንም «መለኪያው» የሚለው ቃል ስለነካኝ ነው የምጽፈው። እማዬ ስኳር ከያዛት ሃያ ዓመት አልፏል። በጥር 2016 ዓ.ም.፣ በ78 ዓመቷ፣ እዚህ አሜሪካ የማስታወስ ምርመራ አደረጉላት። አስተርጓሚው በስልክ ነበር።

መጀመሪያ «ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?» ተባለች። «ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት» አለች፤ አስተርጓሚው እንዳለችው አስተላለፈው፤ ሐኪሙ ስሕተት ብሎ ጻፈ። «ወቅቱስ?» ሲሏት «በጋ» አለች። ጥር አይደል! ውጪ በረዶ እየጣለ አስተርጓሚው በጋን እንደ ፈረንጆቹ የሙቀት ወቅት አድርጎ ተረጎመው። ቀጥሎ አንድ ቃል ከኋላ ወደ ፊት ፊደል በፊደል እንድትቆጥር ተጠየቀች፤ በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል ያለው ቃል ነው፣ በአማርኛ ግን «ዓለም» ሆኖ ቀረበላት። «ም፣ ለ፣ ዓ» አለች፤ ሦስት ፊደል ስለሆነ አምስት ነጥብ ከየት ይመጣል?

ሰዓቱ ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነበር። ክብ ሣሉና «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር» አስይዢው አሏት። እማዬ የግድግዳውን ሰዓት ዕድሜዋን ሁሉ የምታነበው ተሻጋሪውን ቁጥር እያየች ነው፤ ትንሿ ዘንግ አምስት ላይ ስትሆን ለእሷ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ትንሿን አምስት ላይ፣ ትልቋን ሁለት ላይ አድርጋ ቆንጆ ሰዓት ሣለች። ያም ስሕተት ተባለ።

ጤነኛ ናት ልላችሁ አይደለም። ባለፈው እሑድ ጀበናውን ቡና ሳትጨምርበት ጥዳ፣ አፍልታ፣ የፈላውን ውሃ በየሲኒው ቀድታ «አቦል ነው፣ ጠጡ» አለችን። ማናችንም አልሳቅንም። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥርና እኔ ቤት ውስጥ የማየው አንድ አይደሉም። ጥያቄዬ ለሐኪሞቹ ነው፦ ይህ የሃያ ዓመቱ ስኳር ያመጣው ነው ማለት ይቻላል?

የገጠር ሐኪም

እኅቴ፣ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልን። ሳላያቸው ስለ እሳቸው መናገር አልችልም፤ ስለ ጥያቄው ግን የሚታወቀውን ልንገርዎ።

ስኳር አእምሮን የሚጎዳበት መንገድ ብዙ ነው። «አልዛይመር ሦስተኛው ዓይነት ስኳር ነው» የሚለው አባባል እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ተወዷል፤ መነሻው አእምሮም ለኢንሱሊን መታዘዝ ያቆማል የሚለው ሐሳብ ነው። ስኳር ኖሮባቸው የሞቱ አረጋውያን አእምሮ ሲመረመር ግን ጎልቶ የሚገኘው የአልዛይመር ምልክት ሳይሆን የትናንሽ የደም ሥሮች መዘጋትና ከዚያ የሚመጣው ጠባሳ ነው። እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ የማየውም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ስኳሩ ብቻውን አይመጣም፣ ግፊቱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ለቤተሰብ የምነግረው ሌላ ነገር አለ። ስኳር ሲበዛ ብቻ አይደለም፣ ሲወርድም ይጎዳል። ከ16,000 በላይ አረጋውያን የስኳር ሕሙማንን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የካሊፎርኒያ ጥናት፣ ስኳራቸው በጣም ወርዶ ሆስፒታል የገቡት በኋላ በመርሳት በሽታ የመያዛቸው ዕድል ከፍ ብሎ አግኝቷል። በእኛ በኩል ጾም ይዘው ኢንሱሊናቸውን እንደ ልማዳቸው የሚወጉ፣ ከዚያ ቅዳሴ ላይ የሚወድቁ እናቶች ብርቅ አይደሉም። «ስኳሩን አጥብቀን ከያዝነው አእምሮው ይድናል» የሚለውም ተፈትኗል፤ አኮርድ ማይንድ በተባለው፣ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች በዕጣ ተመድበው በተሳተፉበት ጥናት ጥብቁ ቁጥጥር ለማስታወስ ችሎታ ጥቅም አላስገኘም። ግፊት ላይ ግን ተስፋ አለ። ስፕሪንት ማይንድ በሚባለው፣ 9,361 ሰዎች ባሉበትና እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ጥናት፣ የላይኛውን ግፊት ከ120 በታች እንዲያወርዱ የተደረጉት ቀለል ያለ የማስታወስ ችግር የደረሰባቸው በቁጥር ያነሱ ነበሩ፤ በሙሉው የመርሳት በሽታ ላይ ግን ልዩነቱ እርግጠኛ የሚያሰኝ አልሆነም።

አንድ ተግባራዊ ነገር፦ እናትዎ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን ለብዙ ዓመት ከወሰዱ የቫይታሚን ቢ12 መጠናቸው ይታይላቸው። ሜትፎርሚን ቢ12ን ይቀንሳል፣ የቢ12 ማነስ ደግሞ ራሱን የቻለ መርሳት ያመጣል፣ ሕክምናውም ቀላል ነው። የታይሮይድ ምርመራም ይጨመርበት።

የእማማ ልጅ (ሜሪላንድ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። ሜትፎርሚን ከጀመረች አሥራ አራት ዓመት ሆኗታል፤ ቢ12 ተለክቶላት አያውቅም። ሰኞ ቀጠሮ አለን፣ እጠይቃለሁ።

ቀይ ስንዴ

ስለ ማቅጠኛው መርፌስ ምን ትላላችሁ? ስኳርንም ክብደትንም ይቀንሳል፤ ክሩ የሚለው እውነት ከሆነ የመርሳት በሽታንም ማስቆም ነበረበት።

ዳሳሹ ቶማስ

ተሞክሯል። መርፌው ውስጥ ያለው ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት በክኒን መልክ፣ አልዛይመራቸው ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ላለ ሰዎች በሁለት ትላልቅ ጥናቶች ተሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ይፋ በሆነው ውጤት የሕመሙን ፍጥነት አልቀነሰውም። ቀደም ሲል በሕክምና መዝገቦች ላይ የተሠሩት ትንተናዎች ግን መድኃኒቱን የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን በመርሳት በሽታ የሚያዙት ያነሰ መሆኑን ሲያሳዩ ነበር። ከላይ ካልኩት ጋር አገናኙት፤ አንደኛ፣ ውድ መድኃኒት የሚታዘዝለት ሰው በገንዘቡም በክትትሉም ከሌላው ይለያል። ሁለተኛ፣ ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ክብደትና ስኳር መቀነስ በ45 ዓመት መቀነስን አይተካም። ይህ «በ45 ቢወሰድ ይሠራል» የሚል ማስረጃ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚሸጥላችሁ ቢመጣ እንዳትሰሙት።

ሐይፋ ላይ

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። ዘመን ቆጣሪ ያነሡትን ጥያቄ የምትመልስ አንዲት ማኅበረሰብ ካለች እኛ ቤተ እስራኤሎች ነን እላለሁ፤ ትምክሕት አይደለም፣ ታሪካችን ራሱ እንደ ሙከራ ስለሆነ ነው። በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወጣ። ከጎንደር ገጠር፣ ከእርሻና ከእግር መንገድ፣ በቀጥታ ወደ አፓርታማ፣ ወደ ነጭ ዳቦና ወደ ለስላሳ መጠጥ። ስንመጣ ስኳር በሽታ እምብዛም አልነበረብንም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ሐኪሞቹን እስኪያስደነግጥ ድረስ በወጣቶቻችን ላይ ሳይቀር ታየ፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተጽፎበታል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የክብደቱ ነገር ነው። የእኛ ሰው ስኳር የሚይዘው ሳይወፍር ነው። ፈረንጅ ጤነኛ ክብደት በሚለው ሚዛን ላይ ሆኖ ሆዱ አካባቢ ትንሽ ገፋ ሲል ስኳሩ ይነሣል። አባቴ በሕይወታቸው ሙሉ ቀጭን ነበሩ፤ የክሊኒኳ ነርስ «አንተን ስኳር አይነካህም» እያለች ስትሸኛቸው ኖራ ስኳሩ የተገኘው ዓይናቸውን ካመማቸው በኋላ ነው። ስለዚህ ውፍረትን በክብደትና ቁመት ስሌት ለክቶ ከመርሳት በሽታ ጋር የሚያያይዝ ጥናት እኛን ሲለካ አብዛኛውን ስኳር ሳያይ ያልፋል።

በ1984 የሠላሳ ዓመት ወጣት የነበሩት ዛሬ ከሰባ አልፈዋል። የሕክምና መዝገባቸው ደግሞ በጤና ድርጅቶቹ ኮምፒውተር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ተቀምጧል።

ዘመን ቆጣሪ

ሐይፋ ላይ፣ ያነሡት ነገር ከጃፓኖች ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። በሃዋይ የሚኖሩ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ወንዶችን፣ 8,006 ሰዎችን፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ለልብ በሽታ ሲከታተል የነበረው የሆኖሉሉ ጥናት በ1991 ወደ አእምሮ ጥናት ተሸጋግሮ ነበር። ልካቸው ገና በጎልማሳነታቸው ተወስዶ ስለነበር፣ በጎልማሳነት ግፊታቸው ከፍ ብሎ ሕክምና ያላገኙት በእርጅና ለመርሳት በሽታ የበለጠ መጋለጣቸው በግልጽ ታየ። አልዛይመርም በጃፓን ከቀሩት ወገኖቻቸው ይልቅ በእነሱ ላይ በርክቶ ተገኝቷል። ቶማስ የጠየቁት የ45 ዓመቱ ሚዛን ያለው እንዲህ ባለው ቦታ ነው፤ ማንም ስለ መርሳት በሽታ ሳያስብ የተለካ፣ ተቀምጦ የቆየ ቁጥር።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ስቴፕስ የተባለው አገር አቀፍ የግፊት፣ የስኳርና የመሰል በሽታዎች ጥናት ከ100 ሰዎች 16ቱ ከፍተኛ የደም ግፊት፣ 5.9 ያህሉ ደግሞ ከፍ ያለ የደም ስኳር እንዳለባቸው አሳይቷል። ነገር ግን ጥናቱ ያካተተው ከ15 እስከ 69 ዓመት ያሉትን ነው፤ የመርሳት በሽታ መበርከት በሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ ያቆማል። ድልድዩ እስከ ወንዙ መሐል ብቻ እንደተሠራ ቁጠሩት።

መጠይቅ ያዥ

እኔ ደግሞ ከቁጥሩ በፊት ያለውን ልናገር። በአንድ የቤት ለቤት ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ሁለት ዓመት ያህል በየቀበሌው ዞሬያለሁ፤ እዚህ ላይ የተነሡት ቁጥሮች ሁሉ የሚወለዱት እንደ እኔ ያለ ሰው በረንዳ ላይ ተቀምጦ በሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

«በሳምንት ስንት ቀን ሥጋ ይበላሉ?» የሚል ጥያቄ ነበረን። በሁዳዴ ስጠይቅ መልሱ ሁሉ ዜሮ ነው። ያንኑ ቤት በበዓለ ኀምሳ ብሄድ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ስለሆነ መልሱ ሌላ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ቅጹ ላይ ግን ቀኑ የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ የጾም ይሁን የፍስክ የሚያውቅ ተንታኝ የለም። የደም ቅባትም በዚያው ቀን ነው የሚለካው። «ስንት ጭልፋ ወጥ ይበላሉ?» ሲባልስ? አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ፣ በዚያ ላይ ጉርሻ ሲጨመርበት፣ የእማማን ድርሻ ማን ለይቶ ያውቀዋል? ጨው «ከቀረበ በኋላ ይጨምራሉ?» ይላል መጠይቁ፤ ሁሉም «አልጨምርም» ይላሉ፣ ጨዉ ከበርበሬው ጋር ድስቱ ውስጥ ገብቶ ያለቀ ጉዳይ ነውና። ቡናም በኩባያ ነው የሚጠየቀው፤ ሦስት ሲኒ ተጠጥቶ አንድ የፈረንጅ ኩባያ አይሞላም፣ በእያንዳንዱ ሲኒ ግን ሁለት ማንኪያ ስኳር አለ።

የመርሳት ጥያቄ ላይ ስንደርስ የባሰ ነው። ልጃቸውን «እናትዎ ነገር ይረሳሉ?» ስላት «አርጅታ እኮ ነው» ትለኛለች። «ጃጅታለች» ማለት ለእኛ በሽታ መናገር አይደለም። «ገንዘብ ብቻቸውን መያዝ ይችላሉ? ብቻቸውን ገበያ ይሄዳሉ?» የሚሉት ጥያቄዎችም አይሠሩም፤ ምራት ባለችበት ቤት ማን ነው አሮጊት ገበያ የሚልክ? በኋላ ላይ አስተባባሪያችን ብልህ ሰው ስለነበረ ጥያቄዎቹን ከመንደሩ ሴቶች ጋር ተቀምጦ ለወጣቸው። «ለቅሶ ቤት ገብተው ማን እንደሞተ መልሰው መልሰው ይጠይቃሉ?» «የማኅበራቸው ተራ መቼ እንደሆነ ያውቃሉ?» «ያበደሩትን ያስታውሳሉ?» ይህን ስንጠይቅ ልጆቹ ዝም ብለው ይቆዩና «እሱስ አዎ» ይላሉ።

ዳሳሹ ቶማስ

መጠይቅ ያዥ፣ የኢባዳኑ ጥናትም የተሠራው ይህንኑ ስላወቀ ነው። መጠይቁ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች እንዲሆን ተደርጎ የተዘጋጀ ሆኖ፣ ግማሹ አዛውንቱን፣ ግማሹ የሚያውቃቸውን ዘመድ የሚጠይቅ ነበር። ያም ሆኖ አንድ ጥርጣሬ ይቀረኛል። በኢባዳን 65 ዓመት የደረሰ ሰው ብዙ እኩዮቹን ቀብሮ ነው የደረሰው። ግፊት የነበረበት በ55 ዓመቱ ሞቶ ከሆነ፣ ሊጃጅ የሚችለው ሰው ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ከመዝገቡ ወጥቷል። ስለዚህ «አፍሪካ ውስጥ የመርሳት በሽታ ጥቂት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በከፊል ስለ ልብና ስለ ደም ሥር ሞት የሚናገር ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ላንሴት መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በ2024 እ.ኤ.አ. 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ ሁሉም ቢወገዱ 45 በመቶ ያህሉን የመርሳት በሽታ ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። ይህን ቁጥር በየፌስቡኩ «በመሮጥ ሕመሙን በ45 በመቶ ይቀንሱ» ብለው ሲጽፉት አያለሁ። ቁጥሩ ስለ ሕዝብ ነው እንጂ ስለ አንድ ሰው አይደለም፤ ከዝርዝሩም ውስጥ የልጅነት ትምህርት ማጣት፣ የመስማት ችግርና የተበከለ አየር አሉበት። ኩበት አንድዳ ስትጋግር ሠላሳ ዓመት ጭስ የማገች ሴት በሩጫ የምታስወግደው አይደለም።

የገጠር ሐኪም

የቶማስን የመጨረሻውን ሐሳብ እኔም እፈርምበታለሁ። ትምህርትን በተመለከተ ደግሞ የእኛ ትውልድ ለየት ያለ ነው፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ እናቶች ዛሬ ሰባዎቹን ተሻግረዋል። «የተማሩ» ናቸው ወይስ «ያልተማሩ»? ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን ብቻ ካለ የትኛውም ትክክል አይሆንም። በጎልማሳነት ፊደል መቁጠር ለአእምሮ የሚያተርፈው ነገር መኖሩን ማወቅ የሚቻለው ሦስተኛ ሳጥን ሲኖር ነው።

ዘመን ቆጣሪ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የወሰድኩትን ልናገርና ለሥራው እንዘጋጅ። አዲስ ከተማ መምረጥ አያስፈልግም። ቡታጅራ፣ ጊልጌል ጊቤ፣ ዳባት ላይ ልደትና ሞት በየቤቱ የሚመዘገብባቸው የክትትል ቦታዎች አሉን፤ እዚያ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን መቼ እንደሞተ ይታወቃል፣ ስለዚህ የቶማስ ጥርጣሬ በመዝገብ ሊፈተሽ ይችላል። ከአዛውንቶቹ ጋር አብረን ከ40 እስከ 55 ዓመት ያሉትን ዛሬ እንለካ። ሐይፋ ላይ እንዳሉት ወገብ ይለካ እንጂ ክብደት ብቻውን አይበቃም። የጾም ቀን መቁጠሪያ ቅጹ ላይ ይታተም። ሰዓት መሣል ይቅር። ለቅሶ ቤትና ማኅበር ይግባ።

ለጊዜው ግን እጄ ላይ የቀረው ችግር ዕድሜ ነው። የልደት ቀናቸውን የማያውቁ አዛውንቶች «ሰባ ይሆነኛል» ሲሉ 66ም 77ም ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም በሙሉ ቁጥር ላይ ይከመራሉ። ኢባዳን ላይ በሚታወቁ ክስተቶች እያመሳከሩ ነበር የገመቱት። እኔ ያዘጋጀሁት ዝርዝር የ1953ቱን የታኅሣሥ ግርግር፣ በ1963 ዓ.ም. የተጀመረውን የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ፣ የ1966ቱን ድርቅና የ1967ቱን የመሬት አዋጅ የያዘ ነው፤ የከተማ ሰው ዝርዝር ሆነብኝ። በየአካባቢያችሁ እናቶች ዘመን የሚቆጥሩበትን ብትልኩልኝ?

የእማማ ልጅ (ሜሪላንድ)

አሁን ሄጄ እማዬን ጠየቅኋት። የታኅሣሥ ግርግርን «እሱ የአዲስ አበባ ወሬ ነው» አለችኝ። ፈንጣጣውን ግን ታስታውሳለች፤ የከታቢዎቹን ላንድሮቨር ሲያዩ ልጆቹ ወንዝ ወርደው እንደተደበቁ፣ እሷ ግን የመጀመሪያ ልጇን አዝላ ስለነበር መሮጥ እንዳልቻለች ነገረችኝ። ከዚያ ራሷ ቆጠረችና «ያኔ ሃያ አምስት ሊሆነኝ ነው» አለች።

ዘመን ቆጣሪ

ከ1963 ሃያ አምስት ሲቀነስ 1938 ነው። ምርመራውን ባደረጉበት በጥር 2016 ዓ.ም. 78 ዓመት ገደማ ነበሩ ማለት ነው፤ ዛሬ ከዚያ አልፈዋል። ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው ስንት ነው?

የእማማ ልጅ (ሜሪላንድ)

ፓስፖርቷ ላይ 71 ነው የሚለው። እኔም 78 ያልኳት በእሷው ቁጥር ነው።